ስልካችን ውስጥ ያለው የሰው አማና

  

ባለፉት ሳምንታት ከደረሱን ጥያቄዎች ብዙዎቹ በእጅ ስልክ ዙሪያ የሚያጠነጥኑ ናቸው። ሦስቱን ላንሳ። አንዲት እህታችን ሴቶች ብቻ በተሰበሰቡበት ሠርግ ላይ ያለ ሒጃብ የተነሳችው ፎቶ ከማታውቀው ወንድ ስልክ ላይ መገኘቱን ጽፋልናለች። ፎቶውን ያነሳቻት የቅርብ ጓደኛዋ ናት፤ ስልኳ ለጥገና ተሰጥቶ ከተመለሰ በኋላ ነው ፎቶው የወጣው። አንድ አባት የ15 ዓመት ልጃቸውን ስልክ ልጁ ሳያውቅ መፈተሽ ይፈቀድላቸው እንደሆነ ጠይቀዋል። አንድ ወጣት ደግሞ በኮምፒውተር ሳይንስ ተመርቆ ሥራ ይዟል፤ አሠሪዎቹ ከተበዳሪዎች ስልክ የስምና የቁጥር ዝርዝር እየለቀመ የሚያመጣ ፕሮግራም እንዲሠራ አዘውታል። «ደመወዜ ሐላል ነው ወይ?» ይላል።

ጥያቄዎቹ የተለያዩ ቢመስሉም መነሻቸው አንድ ነው። ስልኩን ገንዘባችንን ከፍለን ገዝተነዋል፤ ስለዚህ ውስጡ ያለው ሁሉ የእኛ ይመስለናል። ነገር ግን አይደለም። እስቲ የአንድ ተራ ሰው ስልክ ከፍተን እንመልከት። ሁለትና ሦስት መቶ ሰው ስምና ቁጥር አለበት። እነዚህ ሰዎች ቁጥራቸውን የሰጡት ለስልኩ ባለቤት ነው እንጂ ልጆቹ ስልኩ ላይ ለጫኑት ጨዋታ አይደለም። የጎረቤት ልጅ ፎቶ አለ፤ የታመመ ወንድም የላከው የምርመራ ውጤት አለ፤ ጂዳ ወይም ቤሩት ሰው ቤት ተቀጥራ የምትሠራ እህት ማታ ማታ እያለቀሰች የቀረጸችው ድምፅ አለ። የዚህ ሁሉ ባለቤት ሌላ ሰው ነው፤ እኛ ጠባቂዎች ነን። በሸሪዓ ቋንቋ አማና ይባላል።

ይህ ነገር ለአገራችን ሰው አዲስ አይደለም። ስልክ ባልነበረበት ዘመን ከዐረብ አገር የመጣን ደብዳቤ ማንበብ ለማይችሉ እናት የሚያነብላቸው የሰፈሩ ተማሪ ነበር። ያ ልጅ ባል የላከውን ገንዘብ መጠን፣ የቤተሰቡን ቅሬታ፣ የታመመውን ሰው ስም ሁሉ ያውቅ ነበር። አንብቦ ሲጨርስ ደብዳቤውን አጥፎ ይሰጣቸዋል፤ የሰማውን ገበያ ይዞ ቢወጣ ግን ሁለተኛ ደብዳቤ የሚያስነብበው አያገኝም። ዛሬ እያንዳንዳችን ያን ልጅ ሆነናል። ልዩነቱ እኛ የምናነበው የአንድ ቤት ደብዳቤ ሳይሆን የሦስት መቶ ቤት መሆኑ ነው።

ጃቢር ኢብን ዐብዲላህ (ረ.ዐ) ባስተላለፉት፣ አቡ ዳዉድና ቲርሚዚ በዘገቡት ሐዲስ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) አንድ ሰው ሌላውን ሲያወራ ዞር ዞር ብሎ ከተመለከተ ወሬው አማና እንደሆነ አስተምረዋል። ልብ በሉ፤ ሰውየው «ለማንም እንዳትናገር» አላለም። ሰው እንዳይሰማው ግራ ቀኙን ማየቱ ብቻ አደራ ለመሆን በቃ። እንግዲህ «ይቺን ካየሽ በኋላ አጥፊያት» ብላ ፎቶ የላከች እህት ምን ያህል አደራ እንደጣለች አስቡት።

በዚህ ጉዳይ ብዙ ጊዜ የምሰማው መልስ «እኔ የምደብቀው ነገር የለኝም» የሚል ነው። በቅን ልቦና የሚባል ነው፤ ተናጋሪውም ብዙ ጊዜ ንጹሕ ሰው ነው። ነገር ግን የተጠየቀው ስለ ራሱ ብቻ አይደለም። አንተ የምትደብቀው ባይኖርህ ስልክህ ውስጥ ያለችው እህትህ ሊኖራት ይችላል። ደግሞስ መደበቅ ሁሉ የጥፋት ምልክት ነው ያለው ማን ነው? ልብስ የምንለብሰው ወንጀል ስለሠራን አይደለም።

ኢስላም የቤትን ክብር ያስጠበቀው በፈቃድ ነው። በሱረቱ-ን-ኑር 27ኛውና 28ኛው አንቀጽ ላይ ሳያስፈቅዱና ሰላምታ ሳያቀርቡ የሰው ቤት መግባት ተከልክሏል፤ «ተመለሱ» ከተባለም መመለስ ታዟል። አቡ ሙሳ አል-አሽዐሪ (ረ.ዐ) ኸሊፋው ዑመር (ረ.ዐ) በር ላይ ሦስት ጊዜ አስፈቅደው መልስ ሲያጡ ተመልሰው ሄደዋል። ለምን እንደተመለሱ ሲጠየቁ ከነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) የሰሙት እንዲያ መሆኑን ተናገሩ፤ አቡ ሰዒድ አል-ኹድሪም (ረ.ዐ) መሰከሩላቸው። በሌላ ሐዲስ ደግሞ አንድ ሰው በነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ክፍል ቀዳዳ አጮልቆ ሲመለከት እጅግ ተቆጥተው፣ ማስፈቀድ የተደነገገው ለዓይን ሲባል መሆኑን ነግረውታል። ቡኻሪና ሙስሊም ዘግበውታል። ስለዚህ እግሩ ባይገባም ዓይኑ የገባ ሰው ገብቷል ማለት ነው።

የዛሬው ቀዳዳ ስልካችን ነው። አዲስ ፕሮግራም ስንጭን «ያሉበትን ቦታ ልወቅ? የስም ዝርዝርዎን ልይ? ማይክሮፎንዎን ልክፈት?» እያለ ይጠይቀናል። ይህ ኢስቲእዛን ነው፤ በር ማንኳኳት ነው። እኛ ግን ሳናነብ «እሺ፣ እሺ» እያልን እናልፋለን። በራችንን ላንኳኳ ሁሉ ማንነቱን ሳንጠይቅ ጓዳ ድረስ እንደማስገባት ነው።

ይህ ከንቱ ስጋት አለመሆኑን የሚያሳይ፣ እኛኑ ሙስሊሞችን የነካ ታሪክ ልንገራችሁ። በኅዳር 2013 (እ.ኤ.አ በ2020 መሆኑ ነው) ማዘርቦርድ የተባለው የዜና ክፍል «ሙስሊም ፕሮ» ስለተባለው የሶላት ሰዓትና የቂብላ ፕሮግራም አንድ ዘገባ አወጣ። ፕሮግራሙ በዚያን ጊዜ በዓለም ዙሪያ ከ98 ሚሊዮን ጊዜ በላይ ስልክ ላይ የተጫነ ነበር። ዘገባው እንዳረጋገጠው የተጠቃሚዎቹ መገኛ ኤክስ-ሞድ ለተባለ የአሜሪካ ድርጅት ይተላለፍ ነበር፤ ኤክስ-ሞድ ደግሞ መረጃውን ከሚሸጥላቸው መካከል ለአሜሪካ ጦር ሠራዊት የሚሠሩ ተቋራጮች ነበሩበት። ፍትሐዊ ለመሆን የድርጅቱንም ምላሽ እንናገር። ሙስሊም ፕሮ ለጦር ሠራዊቱ በቀጥታ መረጃ አልሸጥኩም ብሏል፤ ከኤክስ-ሞድ ጋር የነበረውን ግንኙነትም እንደሚያቋርጥ አስታውቋል።

ነገሩ እንዴት ይሠራል? አንድ ፕሮግራም የሚሠራ ሰው ሁሉንም ነገር ከባዶ አይጽፍም። ሌሎች ያዘጋጁትን የኮድ ቁራጭ እየወሰደ በራሱ ሥራ ውስጥ ይከታል። ኤክስ-ሞድም እንዲህ ያለ ቁራጭ አዘጋጅቶ ለፕሮግራም ሠሪዎች ያድል ነበር። ቁራጩ ስልኩ የት እንዳለ፣ በስንት ሰዓት እዚያ እንደነበረ፣ የስልኩን ዓይነትና የተገናኘበትን የዋይፋይ ስም እየለቀመ ይልካል። ስም አይጻፍበትም፤ የሚላከው ለማስታወቂያ ተብሎ ለስልኩ የተሰጠ ቁጥር ነው። «ስም ከሌለው ምን ችግር አለው?» ትሉ ይሆናል። ያ ስልክ ማታ ማታ የሚያድርበት ቤት የማን ነው? ቀን የሚውልበት መሥሪያ ቤትስ? ጁሙዓ የሚሰግድበት መስጂድስ? ሦስቱን ያወቀ ሰው ስሙን ለማወቅ አይቸገርም።

ለዚህ ሁሉ ስንት ይከፈል ነበር መሰላችሁ? ኤክስ-ሞድ ራሱ በወቅቱ በድረ ገጹ ላይ ባስቀመጠው ምሳሌ መሠረት፣ በየቀኑ 50,000 የአሜሪካ ተጠቃሚ ያለው ፕሮግራም ባለቤት በወር 1,500 ዶላር ያገኛል። ስናካፍለው ለአንድ ሰው የወር ውሎ 3 የአሜሪካ ሳንቲም ማለት ነው።

ዘገባው ከወጣ በኋላ በታኅሣሥ 2020 (እ.ኤ.አ) አፕልና ጉግል ያን የኮድ ቁራጭ ከፕሮግራሞቻቸው እንዲያወጡ ሠሪዎችን አዘዙ። በጥር 2024 (እ.ኤ.አ) ደግሞ የአሜሪካ ፌዴራል ንግድ ኮሚሽን፣ ስሙን አውትሎጂክ ብሎ የቀየረውን ይህንኑ ድርጅት የአምልኮ ቦታንና የሕክምና ተቋምን የመሰሉ ስሱ ቦታዎችን የሚገልጽ የመገኛ መረጃ እንዳይሸጥ የሚያግድ ትእዛዝ አወጣበት። መልካም ነው፤ የተሸጠው ግን ተሽጧል።

አሁን እስቲ የሶላት ፕሮግራም ስለ እኛ ምን ያህል ማወቅ እንደሚያስፈልገው እናስላ። ምድር በ24 ሰዓት 360 ዲግሪ ትዞራለች፤ ስለዚህ በኬንትሮስ አንድ ዲግሪ የሚራራቁ ቦታዎች የሶላት ሰዓታቸው በ4 ደቂቃ ይለያያል። በእኛ አገር አካባቢ አንድ ዲግሪ ወደ 110 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከመርካቶ እስከ ቦሌ ያለው ርቀት እንግዲህ ግማሽ ደቂቃ እንኳ አይሞላም! ቂብላም ቢሆን ከአዲስ አበባ ወደ ሰሜን ሆኖ 5 ዲግሪ ገደማ ወደ ምሥራቅ ያዘነበለ ነው፤ ዛሬም ነገም ያው ነው። ስለዚህ ፕሮግራሙ የከተማችንን ስም ካወቀ በቂው ነው። በየደቂቃው የት እንደቆምን፣ ከማን ቤት እንደገባን ምን ይሠራለታል?

ለዚህ መፍትሔው ቀላል ነው። በብዙዎቹ የሶላት ፕሮግራሞች ላይ የከተማ ስም በእጅ መርጦ መሙላት ይቻላል። የስልኩ ማስተካከያ ውስጥ ስትገቡ ደግሞ ለእያንዳንዱ ፕሮግራም የተሰጠው ፈቃድ ተዘርዝሮ ይገኛል፤ መገኛን «ፕሮግራሙን ስጠቀም ብቻ» በሚለው ላይ አድርጉት። አንድሮይድ 12 እና ከዚያ ወዲህ ያሉ ስልኮች፣ እንዲሁም አይፎን ከ14ኛው ሥርዓት ጀምሮ ትክክለኛውን ሳይሆን ግምታዊውን ቦታ ብቻ መስጠት ያስችላሉ። የእጅ ባትሪ ሆኖ የስም ዝርዝራችሁን የሚጠይቅ፣ «አይሆንም» ሲባልም አልሠራም የሚል ፕሮግራም ካጋጠማችሁ፣ ተመለስ ሲባል የማይመለስ እንግዳ ነውና አስወጡት።

ስለ መልእክት መላኪያዎችም በአጭሩ፦ ዋትስአፕ ከ2016 (እ.ኤ.አ) ወዲህ መልእክቱን ከላኪና ከተቀባይ በስተቀር ሌላው እንዳያነበው አድርጎ ይቆልፈዋል። በቴሌግራም ግን ይህ የሚሠራው «ሚስጥራዊ ውይይት» በሚለው ብቻ ነው፤ ተራው ውይይትና ግሩፑ በድርጅቱ ኮምፒውተሮች ላይ ይቀመጣል። ለነገሩ የትኛውም ቁልፍ መንገዱን እንጂ ተቀባዩን አይጠብቅም።

ወደ እህታችን ጥያቄ እንመለስ። ሴቶች ብቻ ባሉበት ቦታ ሒጃብን ማውለቅ የተፈቀደ ነው፤ ይህን ፈቃድ ያጠፋብን ካሜራ ነው። በእንዲህ ያለ ሠርግ ስልክ በር ላይ ሰብስቦ ማስቀመጥ የጀመሩ ቤተሰቦች አሉ፤ እኔ እደግፋቸዋለሁ። ጓደኛዋ ሳታስፈቅድ አንስታ ከሆነ ጥፋት አለባት። አስፈቅዳ ከሆነም አማናውን ለማያውቁት ሰው ከፍታ ሰጥታለች። ስልክ ለጥገና ስንሰጥ ሚሞሪ ካርዱን ማውጣት፣ ከተቻለም ሥራው እስኪያልቅ እዚያው መቀመጥ ያስፈልጋል። ስንሸጠው ደግሞ ፎቶዎቹን መሰረዝ ብቻ አይበቃም። የተሰረዘ ነገር ቦታው ክፍት ነው ተብሎ ይመዘገባል እንጂ ሌላ እስኪጻፍበት ድረስ ብዙ ጊዜ እዚያው አለ፤ በማውጫ ፕሮግራም ይመለሳል። ስለዚህ ስልኩን ወደ ፋብሪካ ይዞታው መልሶ ነው መሸጥ።

ተውበትን በተመለከተ፣ የሰው ሐቅ ያለበት ጥፋት «አስተግፊሩላህ» በማለት ብቻ አይዘጋም። ጓደኛዋ ፎቶው የደረሳቸውን ሰዎች እየፈለገች ማስጠፋት፣ ከዚያም ይቅርታ መጠየቅ አለባት። ይቅር ማለት በላጭ ነው፤ ይቅር ካላለች ግን እህታችንን ማንም ሊወቅሳት አይገባም። ፎቶውን የበተነውን ሰው በሕግ መጠየቅም መብቷ ነው። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በቁጥር 27 የአንድን ሰው ፎቶ ያለ ፈቃዱ በአደባባይ ማሳየትን፣ ማባዛትንና መሸጥን ከልክሏል። በፎቶው የሚያስፈራራት ወይም ስሟን የሚያጠፋ ካለ ደግሞ የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 አለ። የግል ምስጢር መከበር በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 26 የሰፈረ መብት ነው። በ2016 የወጣው የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 ደግሞ የሰውን መረጃ የሚሰበስብ አካል ለተገለጸ ዓላማ ብቻ እንዲሰበስብ ያስገድዳል፤ ሃይማኖታዊ እምነትንም ስሱ ከሚላቸው መረጃዎች ይቆጥራል። ብዙ ሰው ይህ አዋጅ መኖሩን አያውቅም።

አባታችን ስለ ልጃቸው ላነሱት ጥያቄ «ይቻላል» ወይም «አይቻልም» ብዬ በአንድ ቃል አልመልስም። ወላጅ በአላህ ፊት ስለ ልጁ ተጠያቂ ነው፤ የ15 ዓመት ልጅ እጅ ላይ ያለ ስልክም የቤቱን በር ለዓለም ሁሉ የከፈተ ነው። ነገር ግን ጥበቃና ስለላ ይለያያሉ። ስልኩ ሲገዛ «አልፎ አልፎ አብረን እናየዋለን፣ ማታ ከ3 ሰዓት በኋላ ሳሎን ያድራል» ብሎ መስማማት ተርቢያ ነው። ልጁ ሳያውቅ መከታተያ ፕሮግራም መጫን ግን በሱረቱ-ል-ሑጁራት 12ኛ አንቀጽ ወደተከለከለው ተጀሱስ ይጠጋል። ልጁ የደረሰበት ቀን ደግሞ አባቱን አያምንም፤ የሚማረውም መደበቅን ነው። አደጋ መኖሩን የሚያመለክት ግልጽ ነገር ሲታይ፣ ለምሳሌ ልጁን አንድ ያልታወቀ ሰው እያስፈራራው ከሆነ፣ ያን ጊዜ ጉዳቱን ለማስቀረት መፈተሽ ግድ ይላል።

በባልና ሚስት መካከል ያለው ደግሞ ከዚህ ይጠነክራል። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ከጉዞ የሚመለስ ሰው ጥፋት ለማግኘት ብሎ በሌሊት ድንገት ቤተሰቡ ላይ እንዳይደርስ መከልከላቸውን ሙስሊም ዘግቧል። ሚስቱ ስትተኛ ጣቷን አንስቶ ስልኳን የሚከፍት ባል ከዚህ ሰው በምን ይለያል? የሚስቱ ስልክ ውስጥ ያለው የእሷ ብቻ ቢሆን እንኳ ባልከፋ። የእህቶቿ፣ የጓደኞቿ፣ ችግራቸውን ያዋዩዋት ሴቶች ሁሉ ጉዳይ እዚያ አለ። የሰውን ደብዳቤ ያለ ፈቃድ ስለማየት አቡ ዳዉድ የዘገቡት የሚያስጠነቅቅ ሐዲስ አለ፤ ሰነዱ ደካማ መሆኑን ራሳቸው ገልጸዋልና እንደ ማስረጃ አላቀርበውም። ከላይ የጠቀስናቸው ግን ይበቃሉ።

ይህን ካልን አይቀር የመስጂድ ኮሚቴዎችና የበጎ አድራጎት ወጣቶችም የምንላችሁ አለ። በረመዳን ዘይትና ዱቄት ለሚረዱ ድኾች ካሜራ ፊት አሰልፎ ፎቶ አንስቶ በፌስቡክ መለጠፍ ልማድ እየሆነ ነው። ለጋሾች ገንዘባቸው የት እንደደረሰ ማወቅ እንደሚፈልጉ ይገባናል። ለዚህ የተፈረመ ዝርዝርና ሒሳብ በቂ ነው፤ ያ ዝርዝርም ቢሆን በቴሌግራም ግሩፕ የሚበተን አይደለም። አንዲት የቲሞች የምታሳድግ እናት የተቀበለችው 5 ሊትር ዘይት በሁለት ወር ያልቃል፤ ፎቶዋን ግን ልጇ ትምህርት ቤት ውስጥ ከጓደኞቹ ስልክ ላይ ያገኘዋል። ሰደቃን ደብቆ መስጠት የተወደደበት አንዱ ምክንያት የሰጪውን ልብ ከይዩልኝ ለመጠበቅ ነው፤ የተቀባዩንም ፊት ከማሳፈር ይጠብቃል።

የወጣቱ ወንድማችን ጥያቄ ትንሽ ሰፋ ያለ መልስ ይፈልጋል። የኮምፒውተር ሙያ ራሱ ምስጉን ሙያ ነው። ኢማሙ አል-ገዛሊ ሕክምናንና ሒሳብን ከፈርድ ኪፋያ ቆጥረዋቸዋል፤ ኅብረተሰቡ ካለ እነሱ የማይኖርባቸው ሙያዎች ሁሉ እንደዚያው ናቸው። ዛሬ ባንኩም፣ ሆስፒታሉም፣ የፋይዳ መታወቂያውም በኮምፒውተር የሚሠራ ስለሆነ ሙያው ከዚያ ውስጥ ይገባል። በሐምሌ 2016 አገራችን ከተባበሩት ዐረብ ኤምሬቶች ጋር የጀመረችውን የአምስት ሚሊዮን ኮደሮች ሥልጠና ብዙ ወጣቶቻችን ተመዝግበውበታል፤ ደስ ይላል። «አልጎሪዝም» የሚለው ቃል ከአል-ኸዋሪዝሚ ስም መምጣቱን በየመድረኩ ስንናገር ዘመናት አልፈዋል፤ አሁን ደግሞ የእኛ ልጆች ምን እየጻፉ እንደሆነ ብንጠይቅ ይሻላል።

ሙስሊም ፕሮን በተመለከተ በነገርኳችሁ ታሪክ ውስጥ ያን የኮድ ቁራጭ በእጁ የጻፈ ሰው ነበር። ምናልባት እንደ ወንድማችን ያለ፣ የታዘዘውን የሚሠራ ወጣት ይሆናል። የተበዳሪን ስልክ ዝርዝር መልቀምም የታወቀ ዓላማ አለው። ሰውየው ሳይከፍል ሲቀር ለአማቱ፣ ለአለቃው፣ ለጎረቤቱ እየደወሉ ለማሳፈር ነው። በኬንያ ይህ ነገር ሰውን ስላስመረረ እ.ኤ.አ በ2022 በወጣው የዲጂታል አበዳሪዎች ደንብ ተከልክሏል። ጉግልም ከግንቦት 2023 (እ.ኤ.አ) ጀምሮ የግል ብድር ፕሮግራሞች የስም ዝርዝርና ፎቶ እንዳይነኩ አግዷል። ወለድ ያለበት ብድር ከሆነ ደግሞ ጉዳዩ ሌላ በር ይከፍታል፤ እሱን በሌላ ጊዜ እንመለስበታለን።

ስለዚህ ወንድሜ፣ ይህን አንድ ሥራ አትሥራ። የምትሠራው ሌላው ሥራ ንጹሕ ከሆነ የእሱ ዋጋ በዚህ ምክንያት አይበላሽም። ከመልቀቅህ በፊት ግን ተናገር። «ይህ መረጃ ለምን ያስፈልገናል? ባለቤቱ ያውቃል? አዋጅ 1321ስ ምን ይላል?» ብለህ በጽሑፍ ጠይቃቸው። ብዙ አሠሪ ከሥራተኛው የሸሪዓ ትምህርት አይቀበልም፤ የሕግ ተጠያቂነት ሲነሳ ግን ቆም ይላል። ከጸኑብህ ሌላ ሥራ እየፈለግህ ይህኛውን እምቢ በል። ሪዝቅ በአላህ እጅ ነው ስንል ቤተሰብ እንደምታስተዳድር ረስተን አይደለም፤ ለዚህ ነው ዛሬውኑ ልቀቅ ያላልንህ።

አንድ ጥያቄ በመጨረሻ ሰዓት በስልክ ደርሶናል። አባታቸው በቅርቡ የሞቱባቸው ቤተሰቦች የሟቹን ስልክ ምን እናድርገው ይላሉ። ስልኩ እንደ ማንኛውም ንብረት ውርስ ነው፤ በቴሌብር ያለ ገንዘብም እንደዚሁ። ብድር የሰጡበት ወይም የተበደሩበት መልእክት ካለ መፈለግ ያስፈልጋል፤ ዕዳ ከውርስ በፊት ይከፈላልና። ይህን ፍለጋ ቤተሰቡ የሚያምነው አንድ ሰው ብቻ ያድርገው እንጂ ልጆቹ ሁሉ ስልኩን እየተቀባበሉ አይክፈቱት። ጀናዛ የሚያጥብ ሰው ያየውን እንዲሸፍን እንደታዘዘው እሱም ያየውን ይሸፍን። ዕዳውና ገንዘቡ ከተለየ፣ ፎቶዎቹም ለቤተሰብ ከተቀመጡ በኋላ የቀረው ይጥፋ፤ ሲም ካርዱም በአገልግሎት ማእከል ይዘጋ። ወላሁ አዕለም።